ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምና የሕዝብ ምርጫ

ለአንድ አገር ሕግ ማውጣት ታላቅ ሥራ ነው፤ ሕጉን የሚሸከም ሕዝብ ማዘጋጀት ግን ከዚያ ይበልጣል። ሕግ በአንድ ክረምት ሊጻፍ ይችላል፤ ሹሙንና እንደራሴውን ራሱ መርምሮ የሚመርጥ ሕዝብ ግን በአንድ ክረምት አይበቅልም። ደግሞም ሕዝቡ ለመምረጥ ደርሷል ወይስ አልደረሰም ብሎ የሚፈርደው ማን እንደ ሆነ መወሰን ከሁሉ የከበደ ነገር ነው። ይህ ጥያቄ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ውስጥ ገብቶ ይገኛል። ያንንም ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በሰሜን ሸዋ በሲያ ደብር የተወለዱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። የእኚህ ሰው የሕይወት ታሪክ ለመንግሥት ሠራተኛም ሆነ ለካህን ብዙ የሚያስተምረው ነገር ስላለው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ መመልከት ተገቢ ነው።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት የተወለዱት በሰኔ ወር 1876 ዓ.ም. ነው። ሲያ ደብር ከደብረ ብርሃን በስተምዕራብ የሚገኝ፣ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና ምስር የሚበቅልበት ደጋ ነው። ዘመኑ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ የተዛወረበት፣ ዳግማዊ ምኒልክም ገና የሸዋ ንጉሥ የነበሩበት ነው። በአንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ማለት ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ የጸናው የሸዋ አገዛዝ ሹመትን ሁሉ ከንጉሡ እጅ የሚያወጣ ነበረ። አበጋዙም መልከኛውም በንጉሡ ቃል ይሾማል፤ በንጉሡ ቃል ይሻራል። እንዲህ ሆኖ የተሾመ ሰው ዐይኑን የሚያቀናው ወደ ሿሚው ነው፤ የሚገዛው ሕዝብ ቢደሰትም ቢያዝንም ሹመቱ አይጨምርም፣ አይቀነስም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው የአገር ተረት ከዚህ ዓይነት ሹመት ጋራ የኖረ ነው።

ሆኖም የዚያ አገር ሕዝብ መምረጥን ፈጽሞ የማያውቅ አልነበረም። ማኅበረተኛው ሙሴውን መርጦ ያስቀምጣል፤ ዕቁብተኛው ገንዘቡን የሚያምነውን ዳኛ ይመርጣል፤ የተጣሉ ሰዎች ሁለቱም ወገን የሚስማሙባቸውን ሽማግሌዎች ይጠራሉ። ካህናትም ከግብረ ሐዋርያት እንደሚያውቁት፣ ሰባቱን ዲያቆናት ምእመናን መርጠው አቀረቡ፤ ሐዋርያትም ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። እንግዲህ ጎረቤቱን ለይቶ የሚያውቅ ገበሬ ደጉን ከክፉው የሚለይበት ዐቅም ነበረው። የጐደለው ነገር ይህ ዐቅም ከማኅበርና ከሽምግልና አልፎ እስከ ወረዳና እስከ አውራጃ የሚደርስበት መንገድ ነው።

ተክለ ሐዋርያት ገና በልጅነታቸው ከትውልድ አገራቸው ወጥተው ወደ ሐረር ሄዱ፤ በልዑል ራስ መኰንንም ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. ከራስ መኰንን ሠራዊት ጋራ ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ዐሥራ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ከድሉ በኋላ ለትምህርት ወደ መስኮብ አገር ተሻገሩ። በዚያም ቋንቋውን ተምረው፣ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ በነበረው በታወቀው የመድፈኛ ትምህርት ቤት ሠልጥነው መኰንን ሆኑ።

እሳቸው በዚያ የቆዩባቸው የመጨረሻዎቹ ዓመታት የመስኮብ ንጉሠ ነገሥትና ሕዝቡ የተቃወሱባቸው ዓመታት ነበሩ። በ1897 ዓ.ም. መስኮብ በጃፓን ከተሸነፈች በኋላ ሠራተኛውና ገበሬው በየስፍራው ተነሣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሳይወዱ በግድ ዱማ የተባለ የእንደራሴዎች ጉባኤ እንዲመረጥ ፈቀዱ። በ1898 ዓ.ም. የተሰበሰበው የመጀመሪያው ዱማ ግን ሦስት ወር ሳይሞላው ተበተነ። በጊዜው ያልተሰጠ ነገር ጊዜው ካለፈ በኋላ ቢሰጥ ለሰጪውም ለተቀባዩም ሰላም እንደማያመጣ ይህ ታሪክ ያስረዳል። ያች ታላቅ መንግሥትም ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሁለት ዓመት እንኳ ሳትቆይ መፍረሷ የታወቀ ነው።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ ተክለ ሐዋርያት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያም እንደ ገና ወደ አውሮፓ ተሻግረው ስለ እርሻ ተማሩ። የመድፍ መኰንን የነበረ ሰው ወደ እርሻ ትምህርት መዞሩ፣ የአገር ኃይል በጦር መሣሪያ ብቻ እንደማይጸና ማስተዋላቸውን ያሳያል። ከዚያም ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ የተባለውን ተውኔት ጻፉ። ይህ ሥራ በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ቴአትር ሆኖ ይቈጠራል። የመንግሥትን ሥራ መበላሸት በእንስሳት ተረት አምሳል የሚገልጽ ስለ ነበረ፣ በመኳንንት ፊት በታየ ጊዜ ነገሩ መረረና ታገደ። ነቀፋ በአውሬ ስም ተሸፍኖ እንኳ መሰማት ያልቻለበት ዘመን፣ የሕዝብ እንደራሴ ፊት ለፊት የሚናገርበት ጉባኤ ለመቆም ምን ያህል ሩቅ እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ሲወርዱ ተክለ ሐዋርያት ለውጡን ከሚሹት ወገን ነበሩ። ከዚያ በኋላ የጅጅጋ ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ የጅጅጋንም ከተማ መሠረት ጥለዋል። ቀጥሎም የጨርጨር ገዥ ሆኑ። ጨርጨር ቡና የሚበቅልበት ደጋ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የምድር ባቡርም በበታቹ ያልፋል። መንግሥት ይህን አውራጃ ለሌሎቹ ምሳሌ የሚሆን አዲስ አስተዳደር እንዲፈተንበት አስቦ ነበር። ዋና ከተማው ዛሬ ጭሮ የምትባለው አሰበ ተፈሪ ነበረች። ከእሳቸው በኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በዚያው አውራጃ ተሹመው የአዲሱን አስተዳደር ሥራ ቀጥለዋል።

የጨርጨር ሥራ በሕዝብ ምርጫ የተሠራ አልነበረም፤ ገዥው በመንግሥት የተሾሙ ነበሩ። ቢሆንም አንድ ትልቅ ነገር ያስተምራል። ለአንድ ገበሬ መንግሥት ማለት በቅርብ ያለው ሹም ነው። ያ ሹም ግብሩን በሥርዓት ቢያስከፍል፣ መንገዱን ቢጠርግ፣ ፍርዱን ቢያቃና ገበሬው መንግሥትን ያምናል፤ ያ ሹም ቢበድል ደግሞ በአዲስ አበባ የታወጀው መልካም ሕግ ሁሉ ወደ ገበሬው ደጅ ሳይደርስ ይቀራል። ምሳሌ የሚሆን አውራጃ ማቆም የሚቻለው ምሳሌ የሚሆን ገዥ ሲገኝ ብቻ ከሆነ ግን፣ ገዥው በተዛወረ ጊዜ ሥራውም ከእርሱ ጋራ ይዛወራል። ሥራው ሳይናወጥ እንዲኖር የአገሩ ሰው ራሱ በጉዳዩ ገብቶ ሊጠብቀው ይገባል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ ተክለ ሐዋርያት በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ ሕገ መንግሥቱንም እንዲያረቁ ታዘዙ። አርቃቂው ከተመለከቷቸው ሕጎች ዋናው በ1881 ዓ.ም. የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበረ። ጃፓን በንጉሠ ነገሥት እየተገዛች በአጭር ጊዜ የሠለጠነች በመሆኗ፣ የዚያን ዘመን የኢትዮጵያ ምሁራን እንደ ምሳሌ ይመለከቷት ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ ከታላላቆቹ መኳንንት የአውራጃ አገዛዛቸው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሆኖ በሕግ እንዲጸናላቸው የሚሹ ነበሩ። ብዙ ክርክርም ተደረገ።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ታወጀ፤ መሳፍንቱና መኳንንቱም ፈረሙበት። በዚያ ቀን በጉባኤው ፊት ቆመው የሕገ መንግሥትን ትርጉም በሰፊው ያስረዱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ነበሩ። ሕጉ በሰባት ምዕራፍና በ55 አንቀጽ የተከፈለ ሲሆን ሁለት ምክር ቤቶችን አቆመ። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤትን አባሎች ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንት መካከል እንዲሾሙ ተደረገ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤትን እንደራሴዎች ግን፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ፣ ለጊዜው መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡ ተወሰነ። ምክር ቤቱም በ1924 ዓ.ም. ተከፈተ።

ይህ አንቀጽ ሁለት ገጽ አለው። በአንድ ወገን ሲታይ ታላቅ በር የከፈተ ነው፤ የመምረጥ ባለቤት በመጨረሻው ሕዝቡ መሆኑን፣ መኳንንቱም መራጭ የሆኑት ለጊዜው ብቻ መሆኑን በግልጥ አስታውቋልና። ሹመት ሁሉ ከላይ ብቻ ይወርድ በነበረበት አገር ይህን በሕግ ማስፈር ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ ወገን ሲታይ ግን በሩን የከፈተው እጅ መዝጊያውን ይዞ ቀርቷል። የጊዜው ልክ ስንት ዓመት እንደ ሆነ አልተጻፈም። ሕዝቡ መቻሉን የሚመረምረው ማን እንደ ሆነ፣ ምርመራውም በምን እንደሚደረግ አልተነገረም። ሕዝቡን ለምርጫ የሚያዘጋጅ ትምህርት ወይም ከታች ከወረዳ የሚጀምር ልምምድ በሕጉ አልታዘዘም። ከዚህም በላይ እንደራሴውን የሚመርጠው ያው ሹም ስለ ሆነ፣ ሕዝቡ በሹሙ ላይ ያለውን አቤቱታ ይዞለት የሚቀርብ እንደራሴ ለማግኘት አልቻለም።

ምሳሌ የሆነችው ጃፓን ያደረገችው ከዚህ ይለያል። በ1882 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ የመረጡት 15 የን ግብር የሚከፍሉ ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ከመቶው ሰው አንድ ያህል ማለት ነው። በ1892 ዓ.ም. ልኩ ወደ 10 የን፣ በ1911 ዓ.ም. ወደ 3 የን ዝቅ አለ፤ በ1917 ዓ.ም. የግብሩ ልክ ጭራሽ ቀርቶ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሁሉ እንዲመርጥ ተፈቀደ። ሴቶች ግን ገና ብዙ ዓመት መቈየት ነበረባቸው። የጃፓን መንገድ ጠባብ ቢሆንም ደረጃ ነበረው፤ ከታች የቆመ ሰው ቀጥሎ የሚረግጠውን ያይ ነበር። የኢትዮጵያው ሕግ ጣራውንና መሬቱን አሳይቶ መሰላሉን ሳያቆም ቀረ። መሰላሉን ለመሥራትም ጊዜ አልተገኘም፤ ሕገ መንግሥቱ በወጣ በአምስተኛው ዓመት የኢጣልያ ሠራዊት አዲስ አበባ ገባ።

በዚያ የመከራ ዘመን ዋዜማ ተክለ ሐዋርያት በአውሮፓ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ከተፈጠረ በኋላ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ የአገራቸውን ጉዳይ አቀረቡ፤ ተከራከሩም። ማኅበሩ ግን ለደካማው ወገን ሊደርስለት አልቻለም። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር እንዲወጡ የተቈረጠውን ምክር ካልደገፉት ሰዎች አንዱ ተክለ ሐዋርያት ናቸው። እሳቸውም ከዚያ በኋላ ወደ ስደት ሄዱ፤ ብዙውን ዘመን በማዳጋስካር ደሴት አሳለፉ። አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣም ወዲያው አልተመለሱም። ሕገ መንግሥት ያረቀቀ ሰው ሃያ ዓመት ያህል ከሕጉም ከአገሩም ርቆ ኖረ።

በእነዚያ ዓመታት ለጊዜው የተባለው ነገር እየቈየ ሄደ። በ1935 ዓ.ም. ምክር ቤቱ እንደ ገና ተከፈተ፤ እንደራሴዎቹ ግን በሕዝብ የተመረጡ አልነበሩም። በ1937 ዓ.ም. ስለ ማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ ወጣ፤ በከተማው ቋሚ ንብረት ያላቸው ኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች ተመርጠው በከተማው ምክር ቤት እንዲቀመጡ ተፈቀደ። ይህ ትንሽ ቢሆንም ከታች የተጀመረ ልምምድ ነበረ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ እንዲመርጥ ተፈቀደ። በ1950 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ተደረገ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም በዚያ ምርጫ ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ። ስለዚህ ሕዝቡ እስኪችል ተብሎ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ሕዝቡ ድምፁን እስከ ሰጠበት ቀን ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት አልፏል። ለመመረጥ ግን 1000 ብር የሚያወጣ መሬት ወይም 2000 ብር የሚያወጣ ሌላ ንብረት መያዝ ያስፈልግ ስለ ነበረ፣ ድሃው መራጭ እንጂ ተመራጭ ሊሆን አይችልም ነበር።

ተክለ ሐዋርያት ከስደት ሲመለሱ የመንግሥትን ሥልጣን ፈልገው አልተቀመጡም፤ ቀድሞ በገዙት በጨርጨር ምድር በሂርና እርሻ ይዘው ኖሩ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም አርአያ የተባለውን የታወቀ ልብ ወለድ የጻፉ ደራሲና የመንግሥት ሰው ነበሩ።

በዚህ ጊዜ በአዲስ አበባ የተመረጠ ምክር ቤት ቢኖርም፣ በየአውራጃው ያለው ነገር ብዙ አልተለወጠም። በደብረ ብርሃን ተቀምጦ ተጉለትና ቡልጋን የሚገዛው አውራጃ ገዥ እንደ ቀድሞው ከላይ የሚሾም ነበር፤ የወረዳውና የምክትል ወረዳው ገዥም እንደዚሁ። የሲያ ደብር ገበሬ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን እንደራሴ ይመርጣል፤ በየቀኑ ጉዳዩን የሚያየውን ሹም ግን አይመርጥም። በ1958 ዓ.ም. ይህን ለማቃናት የአውራጃ አስተዳደር ትእዛዝ ወጣ። በተመረጡ አውራጃዎች ሕዝቡ የሚመርጠው ምክር ቤት ቆሞ ስለ መንገድ፣ ስለ ጤናና ስለ ትምህርት እንዲመክር ታስቦ ነበር። ትእዛዙ ግን በፓርላማው ሳይጸድቅ ቀረ። በሕዝብ ድምፅ የገባው ምክር ቤት፣ ለሕዝቡ በመንደሩ አጠገብ ድምፅ የሚሰጠውን ሕግ ሳያጸና መቅረቱ እጅግ የሚያሳዝን ነው።

ከታች የሚጀምር ምርጫ ምን እንደሚያስተምር ለማየት ሩቅ አገርን መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማና ካውንቲ በሚባለው አውራጃዋ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይኖራል። የከተማውን ከንቲባና የከተማውን ምክር ቤት፣ አውራጃውንም የሚመሩትን አምስት ሰዎች ሕዝቡ ይመርጣል። ከዚህም ሌላ ሸሪፍ የተባለውን የጸጥታ አለቃ፣ ዐቃቤ ሕጉንና የቤትና የመሬት ግብር ገማቹን እንኳ የሚመርጠው ሕዝቡ ነው። ግብር ገማች ንብረታቸውን በሚገምትላቸው ሰዎች ድምፅ የሚቆም መሆኑ ለሸዋ ባላገር እንግዳ ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. ሕዝቡ ለዚህ ሁሉ ሰው አምስት አስተዳዳሪ አይበቃም ብሎ፣ ቍጥራቸው ወደ ዘጠኝ ከፍ እንዲል በድምፁ ወሰነ። በዚያም አገር ስሕተትና የገንዘብ ተጽዕኖ አይጠፋም፤ ድምፁን ሳይሰጥ የሚቀረውም ሰው ብዙ ነው። ቢሆንም ሕዝቡ የተሳሳተውን ራሱ እያየ ራሱ የሚያቃናበት መንገድ በእጁ ነው። መምረጥ የሚለመደው በመምረጥ ነው፤ ዋና የሚማር ሰው ውኃ ሳይገባ ዋናተኛ እንደማይሆን ማለት ነው።

በመስከረም ወር 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ምክር ቤቱ ተዘጋ፤ ሕገ መንግሥቱም ታገደ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት ሕግ ሲታወጅ፣ ሲለወጥና ከነምክር ቤቱ ሲወድቅ ለማየት በቁ። በ1969 ዓ.ም. ዘጠና ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ዐረፉ። ራሳቸው የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ለአንባቢ ደርሷል። ከእሳቸው በኋላም በ1984 ዓ.ም. ለወረዳና ለክልል ምክር ቤቶች ምርጫ ተደርጓል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ አዝዟል።

የእኚህ ሰው ሕይወት የሚተወው ምክር አጭር ነው። ሕዝቡ እስኪችል ድረስ የሚለው ቃል ልክ ያለው እንደ ሆነ ትምህርት ቤት ይሆናል፤ ልክ የሌለው እንደ ሆነ ግን ቍልፍ ይሆናል። ቃሉን የጻፈው ሰው በቅን ልቡና ቢጽፈውም፣ የሚፈጽሙት በየወረዳው ያሉት ሹማምንት ናቸው። ሹም ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው፣ እርሱ በሌለበት ጊዜ ጉዳዩን በራሱ የሚመራ ሕዝብ ማዘጋጀት ነው። ካህንም ሰው ድምፁን ለወዳጅነትና ለስጦታ እንዳይሸጥ፣ አደራ የሚጠብቀውን ሰው እንዲመርጥ ቢያስተምር፣ ከመንበሩ ሳይወርድ ለአገሩ ትልቅ ሥራ ይሠራል። የሲያ ደብር ገበሬ የማኅበሩን ሙሴ ሲመርጥ ለመምረጥ ትችላለህን ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ሆኖም የሚመርጠውን ሰው ያውቅ ነበር።